ክርክር፦ ደጋግሞ የገደለ ሰው አስተዳደጉና አእምሮው ቅጣቱን ያቅልለት?

ፒያሳ (አወያይ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ሳምንት መከራከሪያችን ይኼ ነው። አንድ ሰው የማያውቃቸውን ሰዎች በተለያየ ጊዜ አንድ በአንድ ሲገድል ኖሮ ተያዘ እንበል። ልጅ ሳለ ከባድ በደል እንደደረሰበት ተረጋግጧል፤ የአእምሮ ምርመራውም «ጤናማ አይደለም» ይላል። ቅጣቱ ይቀልለት ወይስ አይቀልለት? እዚህ ጎንደር ከሕጉም፣ ከሕክምናውም፣ ከምርመራውም ሰው ስላለን የፊልም ወሬውን ትተን በሙያ እንነጋገር። ገና በፖሊስ እጅ ያለ ጉዳይ ግን አይነሳ።

አዘዞ (የወንጀል ምርመራ)፦
መጀመሪያ ስለ ማን እንደምንነጋገር እንለይ። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ እ.ኤ.አ. በ2005 ሳን አንቶኒዮ ላይ ባለሙያዎችን ሰብስቦ የያዘው ትርጉም «ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው፣ በተለያየ ጊዜ፣ በአንድ ገዳይ» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. የ1998ቱ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ሦስት ይላል። በቁጥሩ ብቻ ከሄድን የእኛ ደም መላሽ ሁሉ እዚህ ውስጥ ሊገባ ነው። የወንድሙን ገዳይ ገደለ፤ ከርሞ የገዳዩን አጎት ደገመ፤ ሁለት ሞላ። ግን ደም መላሹ የሚገድለውን የሚመርጠው ዘር ቆጥሮ ነው፤ ማን እንደገደለ አገር ያውቃል፤ ሽማግሌ ገብቶ ደሙ ከደረቀ ነገሩ ያበቃል። ያኛው ግን ከሟች ጋር ጠብ የለውም። የሚመርጠው ብትጠፋ ፈላጊ የላትም ብሎ ያሰባትን ሴት፣ ከቤት የወጣን ልጅ፣ ብቻውን የሚኖር አዛውንት ነው። ሁለቱንም ሕግ ይቀጣል፤ መንስኤያቸው ግን ለየቅል ነው። የምንከራከረው ስለ ሁለተኛው ይሁን።

አበራ ጊዮርጊስ (መሪጌታ)፦
እኔ ሐኪምም ዳኛም አይደለሁም። ነገር ግን ጠብ ሳይኖረው፣ ሳይራብ፣ ሳይሰክር ሰው የሚያርድ ሰው ያደረበት ነገር እንዳለ ሕዝቡ ያምናል። «አዘዘኝ» የሚልም አለ። ያደረበት ከሆነ ጠበል ነው እንጂ ገመድ ምን ያደርግለታል?

አንገረብ (የአእምሮ ሕክምና)፦
መሪጌታ፣ ጥያቄዎ ትልቅ ነው፤ በአክብሮት ልመልስ። «አዘዘኝ» የሚሉት ሁሉ አንድ አይደሉም። ሳይኮሲስ የምንለው ሕመም ያለበት ሰው የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ ጎረቤቱ ሊያስገድለው እንደሆነ ያምናል፣ ንግግሩ ይበታተናል። ይህ ሰው ታማሚ ነው፤ መድኃኒቱን ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ ይሻለዋል። ጠበሉ ላይ ቢሆንም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ እርስዎ ቢያግዙን ትልቅ ነገር ነው። አደራ የምለው ግን፣ ከእነዚህ ታማሚዎች እጅግ የሚበዙት ማንንም አይነኩም፤ እንዲያውም ተደብዳቢዎቹ እነሱ ናቸው።

ሳይኮፓት ሌላ ነው። ዓለምን እኔና እርስዎ እንደምናያት ያያታል። የጎደለው የሌላው ሥቃይ እሱ ጋ አለመድረሱ ነው። ሰው ሲያለቅስ ማልቀሱን ያውቃል፤ አንጀቱ ግን አይላወስም። ደጋግመው ከገደሉት የሚበዙት ሳይኮሲስ የለባቸውም። ኒውዮርክ ውስጥ 6 ሰው የገደለው ዴቪድ በርኮዊትዝ «በጎረቤት ውሻ ላይ ያደረ ጋኔን አዘዘኝ» ብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ግን ፈጠራ መሆኑን ራሱ ተናገረ። የእንግሊዙ ፒተር ሰትክሊፍ ደግሞ መቃብር ቆፋሪ ሳለ ከአንድ መቃብር የእግዚአብሔርን ድምፅ ሰማሁ አለ። የሁለቱም ወገን ሐኪሞች ስኪዞፍሬኒያ፣ ማለት ሳይኮሲስ የሚያመጣ ሕመም፣ ነው ብለው ተስማሙ፤ ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች (ጁሪ) ግን አልተቀበሉትም፤ በ1981 በ13 ሴቶች ግድያ ጥፋተኛ ተባለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከወህኒ ወደ አእምሮ ሆስፒታል ተዛወረ። እንዲህ ያለ አስቸጋሪ ጉዳይም አለ፤ ሁሉንም በአንድ ቃል መፍረድ አይቻልም።

ማራኪ (ሕግ)፦
ዶክተር፣ ሕጉ የሚጠይቀው የሕመሙን ስም አይደለም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 48 ሁለት ነገር ይመዝናል። አንደኛ፣ ሰውየው ድርጊቱን በፈጸመበት ሰዓት የሚያደርገውን ነገር ምንነትና ውጤት መረዳት ይችል ነበር? ሁለተኛ፣ በተረዳው ልክ ራሱን መግታት ይችል ነበር? በሕመም ምክንያት አንዱን ፈጽሞ ካልቻለ አይቀጣም። የመረዳት ወይም የመግታት ችሎታው በከፊል ከተጎዳ አንቀጽ 49 አለ፤ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 180 መሠረት መነሻው ሳይገድበው ቅጣቱን ያቀልላል። ስለ ከባድ የሰው ግድያ የሚናገረው አንቀጽ 539 የሚያስከትለው የዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት ስለሆነ ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነው።

ተከታታይ ገዳይ የትኛውን ያልፋል? ሃሮልድ ሺፕማንን እዩ። እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። በሽተኞቹን ዲያሞርፊን የሚባል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ እየወጋ ገደለ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2000 በ15 ግድያ ተፈረደበት፤ አጣሪው ጉባኤ ቁጥሩን ወደ 250 ገደማ ገመተው። ከገደለ በኋላ ኮምፒውተሩን ከፍቶ በሟች መዝገብ ላይ ያልነበረ የልብ ሕመም ወደ ኋላ ቀን ሰጥቶ ይጽፍ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ጽሑፉ የገባበትን ትክክለኛ ቀንና ሰዓት ለብቻው ይይዝ ኖሯል፤ ያም ማስረጃ ሆነበት። እንግዲህ ወደ ኋላ ቀን ቆጥሮ የሚጽፍ እጅ ያደረገውን አያውቅም ልንል ነው? መግታትስ? ዴኒስ ራደር ከ1974 እስከ 1991 በካንሳስ 10 ሰው ገደለ፤ ከዚያ እስከተያዘበት 2005 ድረስ የታወቀ ግድያ የለበትም። በቤተ ክርስቲያኑ የጉባኤ ሰብሳቢ ነበር። መግታት የማይችል ሰው 14 ዓመት አይገታም። ልጅነቱ ያሳዝነኛል፤ ቅጣቱ ግን አይቀልም።

ቀሐ (የሕፃናት ጉዳይ)፦
እህቴ ማራኪ፣ ልጅነቱን «ያሳዝነኛል» ብለሽ ባታልፊው ጥሩ ነው። ዶክተር ስለ ልጅነት በደልና ዘረ መል የተሠራውን የኒውዚላንዱን ጥናት ያቅርቡልን።

አንገረብ፦
እሺ። ዱነዲን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 73 የተወለዱ 1,037 ልጆችን ተመራማሪዎች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይከታተላሉ። በ2002 የወጣው ሥራ ከእነሱ 442 ወንዶችን ወስዶ ኤም ኤ ኦ ኤ የሚባለውን ዘረ መል መረመረ። ይህ ዘረ መል የሚሠራው ኢንዛይም በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንና ዶፓሚንን የመሰሉ ንጥረ ነገሮችን ይሰብራል። በአንዳንድ ወንዶች ሥራው ደካማ ነው። ዘረ መሉ ደካማ ሆኖ ልጅነታቸው ደህና የነበሩት ከሌላው አልተለዩም። ደካማውም በደሉም የተገናኘባቸው ከቡድኑ 12 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በኃይል ጥቃት ከተፈረደው ጥፋት ግን 44 በመቶው የእነሱ ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንደኛ፣ ጥናቱ ያየው ድብደባንና የመሳሰለውን ጥቃት እንጂ ተከታታይ ግድያን አይደለም። ሁለተኛ፣ ደካማው ዓይነት ከሦስት ወንድ በአንዱ ገደማ ላይ ይገኛል። «የገዳይ ዘር» ቢሆን ኖሮ በየሰፈሩ አልቀን ነበር።

የአንጎል ምስሉም እንደዚያው ነው። ተመራማሪው ኤድሪያን ሬይን በ1997 የ41 ነፍሰ ገዳዮችን አንጎል ከ41 ሌሎች ጋር አስተያየ፤ ከግንባር ጀርባ ያለው፣ ልጓም የምንለው ክፍል በገዳዮቹ ላይ ስኳር የሚያቃጥለው ያነሰ ሆነ። ግን ይህ ጎልቶ የታየው በንዴት በገደሉት ላይ ነው። አቅደው የገደሉት ልጓማቸው ብዙም አልተጎዳም። ሬይን ምስሉን ያነሳው ራንዲ ክራፍት፣ በ1989 በ16 ግድያ የተፈረደበት፣ የግንባር ክፍሉ ደህና ሆኖ ተገኘ። ማቀድ ራሱ ደህና ግንባር ይፈልጋላ! ስለዚህ ጠበቃ የአንጎል ፎቶ ይዞ ሲመጣ «ይኸው ምክንያቱ» ቢል አልቀበለውም።

ማራኪ፦
ታዲያ እኔ ያልኩትን አይደል የደገሙት?

አንገረብ፦
በግማሽ። ጤነኛ ነው አላልኩም። ርኅራኄ ያልበቀለበት ሰው ራሱን ለመግታት ከሌላው ያነሰ ምክንያት አለው፤ ብዙዎቻችንን የሚይዘን ሕግ ብቻ ሳይሆን የሌላው ዕንባም ስለሆነ። ይህ ለአንቀጽ 49 ይበቃል ወይ የሚለው የእኔ መልስ «አልፎ አልፎ» ነው፤ የአንቺ ግን «በጭራሽ» ሆነ።

ቀሐ፦
እኔን የሚያስፈራኝ የዚህ ክርክር ፍርፋሪ ወላጅ ጆሮ ሲደርስ ነው። ማክዶናልድ የሚባል የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ሦስት ምልክት ጻፈ፦ ትልቅ ሆኖ አልጋ ላይ መሽናት፣ እሳት መለኮስ፣ እንስሳ ማሠቃየት። የጻፈው ስለ ጥቂት ታካሚዎቹ ነበር፤ በኋላ በብዙ ሰው ላይ ሲፈተሽ ሦስቱ አንድ ላይ ገዳይን አይተነብዩም። ወሬው ግን አልሞተም። በ5 ዓመቱ ከ100 ልጅ 15 ያህሉ ሌሊት ይሸናል! እንቅልፉ ከባድ ነው፣ ወይ አባቱም እንዲሁ ነበር፣ ወይ ሆድ ድርቀት ፊኛውን ይጫነዋል፣ ወይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለ። ማታ ፈሳሽ ቀንሱለት፣ ሳይተኛ አሸኑት፣ ከ7 ዓመት ካለፈ ወይም ደርቆ ኖሮ ከጀመረው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ፍራሹን አሸክሞ በሰፈር ማዞርና በአለንጋ መግረፍ ግን ያ ዱነዲን ላይ የተቆጠረው በደል እሱ ራሱ ነው።

እንስሳውን ግን አልንቀውም። ውሻ ላይ ድንጋይ የወረወረ ልጅ ሁሉ አይደለም፤ ያ ከእኩዮቹ ያየው ክፉ ልማድ ነው። የሚያሳስበው ብቻውን፣ ተደብቆ፣ ደጋግሞ፣ ሲጮህ ደስ እያለው የሚያደርገው ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሲገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «በእሱ ላይ ማነው እንዲህ የሚያደርገው?» ብዬ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ወይ የሚደበድበው ወይ የሚደፍረው አለ። ልጁን ብቻውን፣ ቤተሰቡ በሌለበት ማነጋገር፤ ከአንድ ጊዜ በላይ አለማስደገም፤ «አባትህ መታህ?» ብሎ በአፉ አለማስገባት፤ «ቤት ስትገባ ምን ይሆናል?» ማለት። ስለ ቅጣት የምንከራከረው ከ20 ዓመት በኋላ ስለሚመጣው ሰው ነው፤ ይኼ ግን ዛሬ ነው።

አዘዞ፦
እኔ ቅጣቱ ላይ ከመድረሳችን በፊት የሚያስጨንቀኝ አለ፤ የተያዘው ሰው እሱ ነው ወይ? ስለ ሳይኮሎጂ ያለን የተሳሳተ ሥዕል የተሳሳተ ሰው ያሲዛል። ሶቪየት ውስጥ ቺካቲሎ ከመታወቁ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ለተፈጸመው የመጀመሪያው ግድያ ሌላ ሰው ተይዞ፣ ተናዝዞ፣ በ1983 ተረሸነ። ቺካቲሎ ራሱ በ1984 በከረጢቱ ቢላዋና ገመድ ይዞ ተያዘ፤ የደሙ ዓይነት ከተገኘው የዘር ፈሳሽ ጋር አልገጠመም ተብሎ ተለቀቀ፤ እስከ 1990 ገደለ፤ በ1992 በ52 ሰው ተፈረደበት። መምህር ነበር፣ ባለትዳር፣ የልጆች አባት። «እንዲህ ያለ ሰው አያደርገውም» የሚለው ግምት ለዓመታት ጋርዶታል። ስዊድን ውስጥ ቶማስ ክዊክ ይባል የነበረው ታካሚ በ8 ግድያ ተናዝዞ ተፈረደበት፤ እስከ 2013 ሁሉም ተሻሩ። መድኃኒት እየተሰጠው፣ ትኩረት ፈልጎ፣ ከመርማሪዎቹ ጥያቄ መልሱን እየለቀመ ነበር የተናዘዘው።

ስለዚህ ሥራው እንዲህ ነው። ቦታው ላይ ከታዩት ነገሮች ሁለት ሦስቱን፣ ለምሳሌ የቋጠሮውን ዓይነት ወይም ከሟች የጠፋውን ዕቃ፣ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ከዋናው መርማሪ በቀር ማንም እንዳያውቅ መያዝ፤ ለጋዜጠኛም ለሰፈር ሽማግሌም አለመንገር። ቃል ሲቀበሉ ፎቶ አለማሳየት፣ ቦታው ድረስ እየመሩ አለመውሰድ፤ እሱ ይምራ። የተናዘዘው የተደበቀውን ነገር ካላወቀ ኑዛዜው ባዶ ነው። ዱላ ያለበት ኑዛዜማ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 ማስረጃ አይሆንም።

ሌላው መዝገብ ማገናኘት ነው። አንዱ ሟች አዘዞ፣ ሌላው ኮላ ድባ፣ ሦስተኛው መተማ መንገድ ላይ ቢገኝ ሦስት መርማሪ ሦስት መዝገብ ይከፍታል፤ እርስ በርስ ካልተያዩ ገዳዩ አንድ መሆኑን ማንም አያውቅም። አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል፦ ሟች በመጨረሻ የታየበት ሰዓትና ቦታ፣ የአገዳደሉ መንገድ፣ አስከሬኑ ተንቀሳቅሷል ወይ፣ ምን ጠፋ፣ ከሞተ በኋላ የተጨመረ ነገር አለ ወይ። የአገዳደሉ ዘዴ ሲማር ይለወጣል፤ ለግድያው የማያስፈልገው፣ ለራሱ ስሜት ሲል የሚጨምረው ነገር ግን ብዙም አይለወጥም። የሚያገናኘው እሱ ነው።

አበራ ጊዮርጊስ፦
የተረሸነው ንጹሕ ሰው ነገር አንጀቴን በላኝ። ሞት የማይመለስ ቅጣት ነው። እኔ ከእንግዲህ ስለ ገዳዩ ሕመም ሳይሆን ስለዚህ ስል ሞት አይፈረድ እላለሁ።

ማራኪ፦
መሪጌታ፣ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የዕድሜ ልክ እሥራት ሕዝቡን ይጠብቃል፤ ስህተት ከተገኘም በሩ ይከፈታል። ግን «ቀለለ» አልለውም፤ ከልጅነቱም አላገናኘውም። ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። በአንቀጽ 51 ፍርድ ቤቱ ጥርጣሬ ካለው ባለሙያ ያዝዛል፤ የሚያስገድደውም የባለሙያው ቁርጥ ያለ ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ ነው፤ የሕግ ድምዳሜው የዳኛው ነው። ዳኛው ግን ብዙ ጊዜ «አእምሮው ይመርመር» የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ ይጽፋል። ምን ብሎ ቢጽፍ ነው የሚጠቅመው?

አንገረብ፦
«ጤነኛ ነው ወይ?» አይበል፤ መልስ የለውም። ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ አሁን ፍርድ ቤት ቆሞ ጉዳዩን መከታተል ይችላል ወይ? ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን ምን ሕመም ነበረበት? ያ ሕመም መረዳቱን ወይም መግታቱን እንዴት ነካው? ሁለተኛው ላይ ቀኑን ይጥቀስ፤ ዛሬ የታመመ ያን ቀን ደህና ሊሆን ይችላል፤ ተቃራኒውም አለ።

ሳይኮፓቲ ከተጠረጠረ የሮበርት ሄር መመዘኛ 20 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጠዋል፤ ከ40 ሲታሰብ ሰሜን አሜሪካ 30 ላይ ይቆርጣል፣ ማለት 30ና ከዚያ በላይ ያገኘው ሳይኮፓት ይባላል፤ አውሮፓ ላይ 25ን የሚይዙ አሉ። ለእኛ አገር የተፈተሸ መቁረጫ ሳይኖር ቁጥሩን ብቻ ለዳኛ መላክ ጥፋት ነው። ደግሞ ቃለ መጠይቁ ብቻውን አይበቃም፤ እነዚህ ሰዎች መዋሸት ሥራቸው ነውና ያማለለህን ሰው ዝቅ አድርገህ ትመዝነዋለህ። ስለዚህ ከደብዳቤው ጋር የፖሊስ መዝገቡ፣ የቀድሞ ፍርድ ካለ ግልባጩ፣ የትምህርት ቤት ማኅደሩ፣ አብሮት ያደገ ሁለት ሰው ቃል፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚያውቅ ከሆነ የሕክምና ካርዱ ይምጣልኝ። እነዚህ ሳይሟሉ ተከሳሹን ሦስት ሰዓት ባናግረውም ነጥብ አልሞላም፤ ወረቀቱን ባዶውን እመልሳለሁ።