የቀኝ ጭኑ መኮማተር አቆመ፣ ማሽኑም ይጮኻል (ባሕር ዳር)

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ! አከርካሪው ተጎድቶ እግሮቹ የማይንቀሳቀሱት ወንድሜ ሳይክል ቤት ያሠራነውን የእጅ ፔዳል እያሽከረከረ ጭኖቹ ላይ የኤሌክትሪክ ጡንቻ ማነቃቂያ እናደርግለታለን፤ ለእግሩ የደም ሥር ተብሎ የታዘዘለት ነው። አሁን ቀኙ ዝም አለ። ማሽኑ ላይ የቀኙ መስመር፣ ቁጥር 2፣ ጢጥ ጢጥ ይልና ወደ ዜሮ ይወርዳል። ከረንቱን የሚያስገባው ፓድ ቆዳው ላይ ተለጥፏል። ሌላው ደህና ነው፤ ሙቀቱ ነው መሰል ፊቱን አላበው፣ ራሱንም ይዞታል።

ጣና ዳር፦ ፓድ ቀይሩ።

ግሽ ዓባይ፦ ፈረቃ ነዋ! ዛሬ የግራ እግር ተራ ነው።

ዘንዘልማ፦ ኤሌክትሪኩ ለምን አስፈለገ? እጁን ካሠራ ደሙ እግሩም ይደርሳል እኮ።

ጥገና፦ ከረንቱን ዜሮ አድርጊና የ1ን እና የ2ን ገመድ ማሽኑ ላይ አቀያይሪ። ግራው ዝም ካለ ማሽኑ ነው። ቀኙ እንደዘጋ ከቀረ የግራውን ገመድ ለቀኙ ፓድ ስጪው፤ ከሠራ ገመዱ ተበጥሷል፣ ብዙ ጊዜ መሰኪያው ሥር ነው። ካልሠራ ጄሉ ደርቋል ወይም ቆዳው ቅባት አለው። በሳሙና አጥበሽ አድርቂ፣ ጄሉን በጣትሽ ውሃ አስነኪው። ጠርዙ ተላጦ ሳለ ከረንት እንዳትጨምሪ፤ ጠባብ ቦታ ላይ ይከማችና ያቃጥለዋል፣ እሱ ደግሞ አይሰማውም።

ፊዚዮ፦ ዘንዘልማ፣ እጅ ልብን ያሠራል፤ የማይኮማተር የእግር ጡንቻ ግን ብዙ ደም አይፈልግም፣ የጭኑ ደም ወሳጅም እየጠበበ ይሄዳል። ማሽኑ ሲያኮማትረው ፍሰቱ ይጨምራል፤ የደሙ ፍትጊያ የደም ሥሩን ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ ያስለቅቀዋል፣ ያ ነው የሚያሰፋው። ጠያቂ፣ ጉዳቱ ስንተኛው አከርካሪ ላይ ነው? ላቡና ራስ ምታቱ አላማረኝም።

ጣና ዳር፦ ፓዱ ነው ብያለሁ።

ጠያቂ፦ ገመዱ ነው! የግራውን ሳደርግበት ሠራ። ጉዳቱ ደረቱ ጋ፣ አራተኛው። ራሱ ግን ባሰበት።

ፊዚዮ፦ ማሽኑን አጥፊው፣ አሁኑኑ! ከ6ኛው የደረት አከርካሪና ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው ከረንቱ፣ የሞላ ፊኛ ወይም የታጠፈ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) የደም ግፊቱን ሊያስወነጭፈው ይችላል። አታስተኚው፤ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ እግሩ ወደ ታች። ቀበቶውን ፍቺ፣ የሽንት ቱቦውን እዪ፣ ግፊቱን በየ2 እስከ 5 ደቂቃ ለኪ። የእንዲህ ዓይነት ሰው ላይኛው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 110 ነውና 140ን ደህና ነው ብለሽ እንዳታልፊ። ካልወረደ በባጃጅም ቢሆን ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አድርሺው። የጉዳቱን ቦታ ሳትጠየቂ ንገሪያቸው።

ግሽ ዓባይ፦ እህቴ፣ ከምን ደረሰ?

ጣና ዳር፦ ፓዱን ቀየራችሁት?