አባይ መውጫ ላይ ሞተሩ እየጮኸ ይጠፋብናል፣ የሚያውቅ ቶሎ ይመልስ!

እሁድ_ነው (ጠያቂ)፦
ሰዎች ቶሎ በሉልኝ። ከጓደኞቼ ጋር በዘመዳችን ጀልባ ከባሕር ዳር ወጥተን ደብረ ማርያም ደሴትን አልፈናል። አባይ ከጣና ወደሚወጣበት ስንጠጋ ሞተሩ ቲቲቲ ብሎ ጮኸና ጠፋ። ሲቀሰቀስ ይነሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጮሃል። ባለቤቱ ስልክ አያነሳም። የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ነው።

ቀዛፊው፦
ቀይዋ ገመድ ናት። ነጂው እጁ ላይ የሚያስራት። ትንሽ ሳብ ካለች ሞተሩ ይጠፋል። መልሳችሁ ሰኳት።

ዘጌ_ቡና፦
መጀመሪያ ነገር ከሰዓት በኋላ ማን ውጡ አላችሁ? ጣና ጠዋት ነው የሚኬደው። ከሰዓት ንፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ሌላ ነው። ላይፍ ጃኬትስ ለብሳችኋል ወይስ ፎቶ ላይ አያምርም ብላችሁ አውልቃችሁታል? ዛሬ ዛሬ ጀልባውንም እንደ ሚኒባስ «አንድ ሰው የቀረው» እያሉ ነው የሚሞሉት። ሰው ሲነገረው አይሰማም፣ ኋላ እርዱኝ ይላል።

ፒያሳ_ልጅ፦
ጉማሬዎቹን ጠይቋቸው፣ እዚያ ሰፈር ነባር ናቸው 😂

ባለ_ጋራዥ፦
ማን ነው ተበላሸ ያለህ? ሞተሩ ጤነኛ ስለሆነ ነው የሚጮኸው። ሞቆ ነው፣ «አጥፉኝ» እያለህ ነው። እየደጋገማችሁ አትቀስቅሱት፣ ያን ጊዜ ነው የሚነክሰው፣ ውስጡ ተጣብቆ ይቀራል። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፦ ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ በቀጭኑ ውሃ ይተፋል?

ቀዛፊው፦
ቀይዋን ገመድ አያችኋት?

ደብተራው፦
ሞተሩ ይቆይ። መልህቅ ጥላችኋል? ውሃው ወደ አባይ ነው የሚሄደው፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ ውሃ መቆጣጠሪያ ግድቡ አለ። ዝም ብላችሁ ከተንሳፈፋችሁ ቀስ እያለ ይወስዳችኋል። መልህቅ ከሌለ ጠንካራ ደንገል ያዙና እሰሩ። ጉማሬ አለመኖሩን አይታችሁ ግን።

እሁድ_ነው፦
መልህቅ ጥለናል። ገመዷ ቦታዋ ላይ ናት። ውሃ አይተፋም፣ ጠብ የሚል የለም። ታች እንቦጭ ተጠምጥሞበታል። አንዱ ጓደኛችን ገብቼ ልፍታው እያለ ነው።

ፎገሬው፦
እንቦጭ አይመስለኝም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከእንቦጭ ጋር የምንታገለው እኛ ነን፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ደንቢያና ፎገራ። እዚያ ያለው ሌላ የውሃ ሣር ይሆናል። ቅጠሉ ወፍራምና ክብ፣ ግንዱ እንደ ስፖንጅ ያበጠ ከሆነ ግን እንቦጭ ነው።

ባለ_ጋራዥ፦
ሣር ይሁን እንቦጭ ለሞተሩ አንድ ነው። ሰው ግን እንዳይገባ! ጉማሬውም አለ፣ ዳር ላይ ቢልሃርዚያውም አለ። ከጀልባው ላይ ሆናችሁ ነው የሚሠራው።

ሞተሩን አጥፉት፣ ቀይዋንም ገመድ ንቀሏት፣ ማንም በስህተት እንዳይቀሰቅሰው። ወደ ላይ አንሱት፣ ወደ ጀልባው ይተኛል። የተጠመጠመውን በቢላ ቁረጡ። ከፕሮፔለሩ ከፍ ብሎ በሁለቱም ጎን ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ አለ። ውሃ የሚስበው በዚያ ነው፣ በጣታችሁ ጥረጉት። የሚተፋባትን ቀዳዳ ደግሞ በቀጭን ሽቦ ጎርጉሯት፣ ጭቃ ይደፍናታል። ከዚያ ጠብቁ፣ እጅ የማያቃጥል እስኪሆን። ላዩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትደፉ፣ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስትቀሰቅሱት ጋዝ አትስጡ። ወዲያው ካልተፋ አጥፉት፣ ውሃውን የሚገፋው የፓምፑ ጎማ ሄዷል ማለት ነው፣ እዚያ አይሠራም። መቅዘፊያ አንሱ ወይም የሚያልፍ ጀልባ ይጎትታችሁ። ከተፋ በዝግታ ተመለሱ። ሣር መሃል ከገባችሁ ለአፍታ ወደ ኋላ አስኪዱት፣ የተጠመጠመውን ይጥለዋል።

ዘጌ_ቡና፦
ልክ ነው። ላይፍ ጃኬቱን ግን አልመለሱልኝም።

ፒያሳ_ልጅ፦
ዓሣ ይዛችሁ ከሆነ ጠብሳችሁት ነበር ወይስ ከነሕይወቱ አብሯችሁ ታግዷል?

ደብተራው፦
ቀልዱን ቀነስ አድርጉት፣ ልጆቹ እዚያ ናቸው። እሁድ_ነው፣ ሳይመሽ ወደ ከተማው ወደብ ለሚመለሱት ጀልባዎች ልብስ አውለብልቡ። የቱሪስቶቹ ጀልባዎች በዚያ ነው የሚያልፉት፣ ሰው እጅ ሲያነሳ ይቆማሉ።

ሐዋሳ_07፦
ይቅርታ መሃል ገባሁ። የኔም ልክ እንደዚህ ይጮሃል፣ ውሃ ግን ይተፋል፣ ግን ቀጭን ነው። ምንድነው?

ባለ_ጋራዥ፦
ሐዋሳ፣ ቀጭን ከሆነ ጎማው አልቋል ወይም ቀዳዳዋ ግማሽ ተደፍናለች። መጀመሪያ በሽቦ ሞክር። ካልሆነ የታችኛው ክፍል ይፈታና ጎማው ይቀየራል። የጎማው ክንፎች ወደ አንድ ጎን ታጥፈው ከቀሩ ወይ ከተሰነጠቁ በቃ ጣለው። ስታስገባ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ መታጠፋቸውን እይ፣ ብዙ ሰው እዚያ ጋ ይሳሳታል።