ካሸሮች እጃቸው ይደነዝዛል፣ ትከሻቸውን ያማቸዋል፤ ከምን ይጀመራል?

የፈረቃ ተቆጣጣሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ባንኮኒ ላይ የሚሠሩት ካሸሮች ሦስት ነገር ያነሳሉ፦ ሌሊት የቀኝ እጅ ጣቶች መደንዘዝ፣ የግራ ትከሻ ሕመም እና ወገብ። ሥራው ቆሞ ነው፣ ዕቃው የሚመጣው በግራ በኩል ነው። አለቆች የእጅ አንጓ ማሰሪያና የወገብ ቀበቶ እንግዛ ብለዋል። ያዋጣል?

ፊዚዮ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)
መጀመሪያ የትኞቹ ጣቶች እንደሚደነዝዙ ይጠይቋቸው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ከሆኑ አንጓው ላይ በጠባብ ቦታ የሚያልፈው ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ ካርፓል ተነል የሚሉት ነው። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከሆኑ ግን ችግሩ ብዙውን ጊዜ ክርን ላይ ነው፤ ለዚህ የአንጓ ማሰሪያ አይረዳም። ድንዛዜ ሳይኖር ከአውራ ጣት ሥር በአንጓው ጎን ካመመ ደግሞ ጅማት ነው። ሰፋፊ ጥቅል በአንድ እጅ ጣቶች ቆንጥጦ ማንሳት ያባብሰዋል፤ በሁለት እጅ፣ በመዳፍ ይያዝ።

ማሰሪያው ለሌሊት ነው፣ አንጓው ሳይታጠፍ እንዲያድር። ሥራ ላይ ከታሰረ አንጓው የማይዞረውን ክርንና ትከሻ ይዞሩለታል፣ ሕመሙ ወደ ላይ ይወጣል። የወገብ ቀበቶ ጤነኛ ወገብን ከጉዳት እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። እኔ ብሆን አልገዛም።

የባንኮኒ ቴክኒሻን
የግራ ትከሻው ነገር ዕቃ ወደ ካሸሩ ከሚያመጣው ተንቀሳቃሽ የባንኮኒ ቀበቶ ሳይሆን አይቀርም። ዕቃ መድረሱን አውቆ ይህን ቀበቶ የሚያቆመው ሴንሰር ከቆሸሸ ወይም ከስካነሩ (ባርኮድ ከሚያነበው መሣሪያ) ርቆ ከተተከለ ዕቃው ሩቅ ይቆማል፤ ካሸሩ በየዕቃው ክንዱን ዘርግቶ ይስባል። ሴንሰሩ ተጠርጎ፣ ዕቃው ስካነሩ አጠገብ ሲደርስ እንዲቆም ይስተካከል። የስካነሩ መስታወትም ከባንኮኒው ጋር እኩል ይሁን። በትንሹም ከፍ ካለ መንሸራተት የነበረበት ዕቃ ሁሉ ይነሳል። መስታወቱ ከተጫረ ወይም ከቆሸሸ አንድ ዕቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይገላበጣል፤ አንጓን የሚጨርሰው ይሄ ነው (መጥረጊያ ጨርቅ ከማሰሪያ ይረክሳል)።

የሥራው ወለል ከፍታ የክርን ልክ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ቁጥር የሚጻፍበት የቁልፍ ሰሌዳና የገንዘብ መሳቢያ ከሰውነት 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ። ከ5 ኪሎ በላይ የሆነ ዕቃ ከጋሪው አይውጣ፤ በእጅ ስካነር እዚያው ይነበብ። አንድ ዓይነት ዕቃ ብዙ ከሆነ አንዱን አንብቦ ብዛቱን መጻፍ።

የፈረቃ ተቆጣጣሪ
የእጅ ስካነር አለን፣ ግን ገመዱ ጋሪው ድረስ አይደርስም። ቆሞ መሥራቱስ?

የባንኮኒ ቴክኒሻን
ገመድ አልባ ይሁን፣ ወይም ገመዱ ይርዘም። ካልደረሰ ማንም አይጠቀምበትም።

የሥራ ደህንነት
ለቁሙ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጠርዙ የተዳፋ የጎማ ምንጣፍ፤ ጠርዙ ቀጥ ካለ ያደናቅፋል። አንድ እግር ተራ በተራ የሚያርፍበት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው መርገጫም ጨምሩ። ከፊል መቀመጫ ወንበር (ቆም እንዳሉ ደገፍ የሚሉበት) ጥሩ ነው፣ ባንኮኒው ሥር ጉልበት የሚገባበት ክፍተት ካለ ብቻ። ዕቃ በቀኝ የሚመጣበት ባንኮኒ ካላችሁ ሰው አቀያይሩ። ሥራ ስትቀያይሩ ግን ከባንኮኒ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ድርደራ አትላኩ፤ ያው ትከሻ ነው የሚሠራው።

ፊዚዮ
አንድ ልጨምር። ድንዛዜው ቀንም የማይለቅ ከሆነ፣ ዕቃ ከእጅ የሚያመልጥ ከሆነ ወይም ከአውራ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ ከሟሸሸ የባንኮኒ ማስተካከያ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ሐኪም ዘንድ ሄደው የነርቭ ምርመራ ያድርጉ።