ክረምቱ ሳይገባ የቆርቆሮ ጣሪያን ማጠንከር፦ ሙሉ በሙሉ ይቀየር ወይስ ይጠገን?

የደብረ ብርሃን ልጅ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን የምጠይቀው ግን ደብረ ብርሃን ስላለው የእናቴ ቤት ነው። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ያለው፣ ጣሪያው በባህር ዛፍ ወራጅና (ከጉልላቱ ወደ ግድግዳው በሚወርደው እንጨት) ሞራሌ (በወራጁ ላይ ተጋድሞ ቆርቆሮው በሚመታበት እንጨት) ላይ የተመታ ባለ32 ጌጅ ቆርቆሮ ነው (ጌጅ የውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል)፤ ከተሠራ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የጣሪያው ስፋት ወደ 70 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ባለፈው ዓመት ግንቦት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ነፋስ ተነሥቶ በማድ ቤቱ በኩል ካለው ማዕዘን ሦስት ቆርቆሮ ገንጥሎ ጎረቤት ግቢ ጣለው። ሰው ባይጎዳም እናቴ ከዚያ ወዲህ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር እየተሳቀቀች ነው።

የተገነጠሉትን በዚያው ሰሞን መልሰን አስመትተናል። አሁን ሚያዝያ ስለገባ ከሰኔ በፊት አንድ ነገር ማድረግ እፈልጋለሁ። ቤቱን ያየው አናጺ ቆርቆሮው በሙሉ ወርዶ በባለ28 ጌጅ እንዲቀየር መክሮናል፤ ይህ ግን ከአቅማችን በላይ ነው። ጎረቤቶች ደግሞ ድንጋይ መጫን ይበቃል ስላሉን ማዕዘኑ ላይ አራት ድንጋይ አስቀምጠናል። ያለችንን ጥቂት ገንዘብ በቅድሚያ በምን ላይ ብናውላት ይሻላል?

አናጺው፦

ሰላም ለእርስዎም ለእናትዎም። ከሃያ ዓመት በላይ ቤት ስሠራና ስጠግን ኖሬአለሁ፤ ነፋስ የገነጠለው ጣሪያ ዘንድ ስጠራ መጀመሪያ የማየው ላዩን ሳይሆን መሬት የወደቀውን ቆርቆሮ ነው። የሚስማሩ ቀዳዳ ተቀዶ ሰፍቶ ከሆነ ቆርቆሮው ሳስቷል ወይም ዝጓል ማለት ነው። ሚስማሩ ከነጎማው ቆርቆሮው ላይ እንደ ተሰካ ከቀረ የለቀቀው እንጨቱ ነው። ሞራሌው አብሮ ተነቅሎ ከመጣ ደግሞ ጥፋቱ ሞራሌውና ወራጁ የተጋጠሙበት ቦታ ላይ ነው። ሦስቱ ቆርቆሮዎች በምን ሁኔታ እንደ ወደቁ ቢያስታውሱ ጥያቄዎ ግማሽ ያህሉ ተመለሰ ማለት ነው።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦

አመሰግናለሁ። እናቴን በስልክ ጠይቄአት ነበር፤ ሚስማሮቹ እንደ ጥርስ ወደ ታች ፈጠው ቆርቆሮው ላይ እንደ ነበሩና የጎረቤት ልጆች እንዳይረግጧቸው እርሷ ራሷ በመዶሻ እንዳወጣቻቸው ነግራኛለች።

አናጺው፦

እንግዲያው ጥፋቱ የቆርቆሮው አይደለም። ባህር ዛፍ በአብዛኛው እርጥብ እንዳለ ነው የሚመታው፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩንም ይለቃል። በዚያ ላይ ቆርቆሮው ቀን በፀሐይ እየተለጠጠ ሌሊት በብርድ እየተሰበሰበ ሚስማሩን ለዓመታት ሲነቀንቀው ይኖራል። ባለ28 ጌጅ ቆርቆሮ አምጥተው በዚያው እንጨት ላይ በዚያው ዓይነት ሚስማር ቢያስመቱት የሚቀጥለው ነፋስ ውዱን ቆርቆሮ ይወስደዋል ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮርኒሱን በአንድ በኩል ከፍተው ሞራሌውን ከሥር ይዩት። የቢላ ጫፍ ሲወጉበት እንደ ዳቦ የሚቀበል ከሆነ በስብሷልና ይቀየር፤ ቢላውን ከመለሰ ጤነኛ ነው። በጤነኛው እንጨት ላይ የላላ ሚስማር ሲያገኙ በዚያው ቀዳዳ መልሶ መምታት ለአንድ ወር ብቻ የሚያገለግል ሥራ ነው። አሮጌው ይነቀል፣ አዲሱ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ሸሸት ብሎ ባልተሰነጠቀው እንጨት ላይ ይመታ፣ አሮጌው ቀዳዳ በሬንጅ ወይም በሲልኮን ይደፈን። ሚስማሩ ግንዱ የተጠማዘዘ ዓይነት ቢሆን ከለስላሳው ይልቅ እንጨት ይይዛል፤ ራሱን እየበሳ የሚገባ ባለ ጎማ ብሎን ከተገኘ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። የሚመታውም ሁልጊዜ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ የተመታ ሚስማር ዛሬ ባያፈስ ነገ ማፍሰሱ አይቀርም።

ሲቪል መሐንዲስ፦

አናጺው በተናገሩት እስማማለሁ፤ ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳ። ነፋስ ጣሪያን ተጭኖ የሚያፈርስ ይመስለናል እንጂ፣ በተለይ ቁልቁለቱ አነስተኛ በሆነ ጣሪያ ላይ ዋናው ጉዳት የሚመጣው ወደ ላይ በመሳብ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ አየሩ ስስ በሆነበት ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ እንኳ፣ በ1 ካሬ ሜትር ከ20 ኪሎ በላይ ክብደት ያህል ኃይል አለው። በክፈፉ ዳርና በማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ መሳቡ ከዚህ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ባለ28 ጌጅ ቆርቆሮ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን በካሬ ሜትር 4 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 0.25 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነው ባለ32 ጌጅ ደግሞ 2 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። በዚህች የኪሎ ተኩል ልዩነት 40 ኪሎ የሚያነሣ ነፋስ እንደማይገታ ግልጽ ነው። ወፍራም ቆርቆሮ ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም፤ በረዶን፣ ዝገትንና የሰው እግርን በተሻለ ይችላል። ወደ ፊት አቅም ሲገኝ ሊታሰብ ይችላል፤ የዘንድሮው ጥያቄ ግን እርሱ አይደለም።

ድንጋዩን በሚመለከት፣ ሰው መሰላል ላይ ተሸክሞ የሚያወጣው ድንጋይ ቢበዛ 15 ኪሎ ቢሆን ነው። ነፋሱ ቆርቆሮውን ካነሣው ድንጋዩ ተንከባልሎ የሚወርደው በሰው ራስ ላይ ነው። ደግሞም ከሥሩ እርጥበት እያቆረ የቆርቆሮውን ዚንክ ይጨርሰዋል፤ አንሥተው ቢያዩት ሥሩ ቡናማ ሆኖ ያገኙታል ብዬ እገምታለሁ።

ገንዘቡ መዋል ያለበት በማያያዣዎች ላይ ነው። ቆርቆሮው ከሞራሌው፣ ሞራሌው ከወራጁ፣ ወራጁ በግድግዳው አናት ላይ ካለው አግዳሚ፣ አግዳሚው ከቋሚው ጋር በደንብ መያዝ አለበት፤ የላይኛውን ብቻ አጥብቀው የታችኛውን ከተዉት በሚቀጥለው ጊዜ የሚነሣው ሦስት ቆርቆሮ ሳይሆን ከነሞራሌው ያለው ጣሪያ ነው። በወራጁና በአግዳሚው መጋጠሚያ ላይ አንድ የ10 ሴንቲ ሜትር ሚስማር ብቻ ማግኘት የተለመደ ነው። እዚያ ላይ በዚንክ የተለበጠ ወፍራም ሽቦ ደርቦ ወራጁን ከቋሚው ጋር በመስቀልኛ አስሮ በእንጨት ጠምዝዞ ማጥበቅ፣ ወይም ከወፍራም ላሜራ የተቆረጠ ማሰሪያ አልብሶ ከሁለቱም ወገን በሚስማር መምታት ብዙ ወጪ የለውም። ከዳሩ እስከ 1 ሜትር ድረስ ባለው ዙሪያ በሁለት ሞራሌ መካከል አንድ ተጨማሪ ሞራሌ ቢገባና ሚስማሩ በየሁለተኛው ጉብታ ቢመታ፣ መሳቡ የሚበረታበት ቦታ ጠነከረ ማለት ነው፤ የጣሪያው መሐል ያን ያህል አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ነፋስ ሲነሣ በነፋሱ አቅጣጫ ያለው በር ወይም መስኮት ክፍት ከሆነ ወደ ቤት የገባው አየር ጣሪያውን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ ከላይ መሳብ፣ ከሥር መግፋት ይደራረባል። ቆርቆሮው የተገነጠለው በማድ ቤቱ በኩል መሆኑን ሳነብ ጭሱ እንዲወጣ በሩ ተከፍቶ ነበር ይሆን ብዬ አሰብኩ።

የደሴዋ እናት፦

ልጄ፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ደሴ ላይ በቆርቆሮ ቤት አርባ ክረምት ያሳለፍኩ ሰው ግን ነኝና ስለ ውሃው ልናገር፤ ስለ ነፋሱ ሲነገር ውሃው ተረስቷልና። ቀዳዳ የሚገኘው ዝናብ ሲዘንብ ሳይሆን ፀሐይ ሲወጣ ነው። እኩለ ቀን ላይ በሩንና መስኮቱን ዘግተህ፣ በተከፈተው ኮርኒስ በኩል ቀና ብለህ ብትመለከት እያንዳንዷ ቀዳዳ እንደ ኮከብ ታበራልሃለች፤ ከሥር ሆነህ በቀጭን ሽቦ ውጋትና ላይ ያለው ሰው ምልክት ያድርግባት። ውሃ በገባበት ቦታ አይንጠባጠብም፤ በሞራሌው ሥር እየተጓዘ ሁለት ሜትር ርቆ ይወርዳል። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠብታውን ከምቀበልበት ሳህን ትይዩ ያለውን ቆርቆሮ ሳስደፍን ኖሬ ቀዳዳው የተገኘው ከጉልላቱ አጠገብ ነበር።

አሸንዳውንም ቶሎ አስጠርገው፤ የባህር ዛፍ ቅጠል ከጭቃ ጋር ሲደርቅ እንደ ምርጊት ይሆናል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው ይላሉ፤ እናትህ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 2,100 ሊትር ሆነ ማለት ነው፤ መውረጃው ከተደፈነ ይህ ሁሉ የሚያርፈው በጭቃው ግድግዳ ሥር ነው። በረዶ የጣለ ዕለት ደግሞ አሸንዳው በበረዶ ይሞላና ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው ሥር ወደ ቤት ይገባል። ስለዚህ የአሸንዳው የውጭ ከንፈር ከውስጠኛው ዝቅ ብሎ ይታሰር፤ ሲሞላ ወደ ግቢ ይፍሰስ እንጂ ወደ ኮርኒስ አይምጣ።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ሄጄ ኮርኒሱን ከፈትኩ። በማድ ቤቱ በኩል ካሉት ሞራሌዎች ሁለቱ ጭስና ፍሳሽ ተባብረውባቸው ቢላ እስከ እጀታው ድረስ ተቀበሉ፤ ሌሎቹ ደርቀው የተሰነጠቁ ቢሆኑም ጤነኞች ናቸው። ወራጆቹ እንደ ተባለው በአንድ አንድ ሚስማር ብቻ የተያዙ ሲሆኑ ሁለቱ በእጅ ሲገፉ ይንቀሳቀሳሉ። ድንጋዩንም አንሥቼው ሥሩ ወንፊት ሊሆን ተቃርቧል። በሩም በዚያ ዕለት ክፍት ነበር፤ እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። አሁን የሥራውን ቅደም ተከተል ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አናጺው፦

ድንጋዩ ዛሬውኑ ይውረድ። ከዚያ ሥራው ከታች ወደ ላይ ይሂድ፦ በመጀመሪያ ወራጁን ከቋሚው ጋር ማሰር፣ ቀጥሎ ሁለቱን ሞራሌ መቀየርና ለዳሩ ተጨማሪውን ማስገባት፣ በመጨረሻ የቆርቆሮው ሚስማር። ድንጋይ የነበረበትን ቆርቆሮ ብቻ ይቀይሩት፤ ቁመቱ ከላይኛው ጋር ሲደራረብ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እንዲገባበት አድርገው ያስቆርጡ። አዲሱ ሞራሌ የደረቀ እንጨት ይሁን፤ እርጥብ ከገዙ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና እዚህ እንገናኛለን።

ሥራው በጠዋት ይጀመር፤ በዚህ ወቅት ነፋሱ የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ነው። የመብራት ሽቦው በክፈፉ በኩል የሚገባ ከሆነ ቆጣሪው ጋ ይጥፋ። የወጣው ሰው ሚስማር በተደረደረበት መስመር ላይ ብቻ ይርገጥ፤ ሥሩ ሞራሌ ያለው እዚያ ነውና። ሲጨርሱም ጣሪያውን በመጥረጊያ ያስጠርጉት፤ የተረፈ ሚስማርና የተቆረጠ ብረት እዚያው ከቀረ በመጀመሪያው ዝናብ ዝጎ አዲሱን ቆርቆሮ መብላት ይጀምራል።