«ጣዕም ነው እንጂ ሚዛን የለውም» ለተባለው

የባሶ ልጅ፦ ትናንት ደብረ ብርሃን በነበረው የንባብ ውይይት አንዱ ተናጋሪ ስለ ፋንታሲ፣ ዘንዶና አስማት ስላለበት ልብወለድ፣ ሲጠየቅ «ጥሩ መጥፎ የሚባል የለም፤ ጣዕም ነው እንጂ ሚዛን የለውም» ብሎ ቁጭ አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ በፊት ግን ስለ ሌላው ልብወለድ ገጸ ባሕርይ አሣሣል፣ ስለ ትልም፣ ስለ ግጭት አንድ ሰዓት ሙሉ ሲተነትን የነበረው እሱው ነው። ዘንዶ ብቅ ሲል ሚዛኑ የት ገባ?

አንኮበሬ፦ ልክ ብሏል። የእንግሊዛዊው ደራሲ የቶልኪን ፋንታሲ «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. ወጣ። በ1956 ኤድመንድ ዊልሰን፣ ያ ስመ ጥር ሐያሲ፣ የልጆች ቆሻሻ አድርጎ ጣለው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይጠናል። ሚዛን ካለ ያኔ ምን ነክቶት ነበር?

የባሶ ልጅ፦ ዊልሰን ተሳስቷል እያልክ ነው?

አንኮበሬ፦ በደንብ ነዋ!

የባሶ ልጅ፦ እንግዲያው ልክ የሚባል ነገር አለ። ጣዕም ብቻ ከሆነ ሰውየው አልወደደውም፣ አለቀ። ሽሮ የማይወድ ሰው ተሳሳተ ይባላል እንዴ?

አንኮበሬ፦ በቃል አትያዘኝ። ዘመን አልፈረደለትም ማለቴ ነው።

ጓሳ ሣር፦ ዘመንም ዳኛ ሆኖ ተሾመ። ደመወዙ ስንት ነው?

ጽጌ ዘመንዝ፦ ፈላስፋውን ዴቪድ ሂዩምን የሚያነሳ የለም? በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ በጻፈው ውስጥ ከስፓኛዊው ልብወለድ ከ«ዶን ኪኾቴ» የወሰዳት ጨዋታ አለች። ሁለት ሰዎች ከአንድ በርሜል ወይን ቀመሱ። አንዱ ደኅና ነው፣ ግን ቆዳ ቆዳ ይላል አለ፤ ሌላው ብረት ብረት ይላል አለ። ተሣቀባቸው። በርሜሉ ሲገለበጥ ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው ቁልፍ ተገኘ። ጣዕም ነው ማለት መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ፋንታሲም ውስጥ ቁልፉ አለ፤ ገልብጦ ማየት ነው።

አንኮበሬ፦ እሺ ቁልፉን አሳዪኛ።

ጽጌ ዘመንዝ፦ ላሳይህ። ወደ አማርኛ በተመለሱት ላይ ደጋግሞ የሚታይ ነው። ጠንቋዩ ንጉሡን በአንዱ ገጽ «ጃንሆይ፣ ይነሡ» ይለዋል፤ ሁለት ገጽ ሳይሞላ «ተነሥ እንጂ፣ ምን ይጎልትሃል» ይለዋል። በመካከሉ ጠብ የለ፣ ንቀት የለ፣ ከዙፋን የወረደ የለ። እንግሊዝኛው አንተንና እርስዎን ስለማይለይ ተርጓሚው እንደመጣለት ነው የነዛው። መድኃኒቱ እኮ አንድ ወረቀት ነው፦ ሥራው ሳይጀመር ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ ጽፎ መያዝ፣ አጠራሩ የሚለወጥበትን ትዕይንት ምልክት ማድረግ። ያ ካልተደረገ የንጉሡ ክብር ገና በመግቢያው ይፈርሳል። ክብሩ የፈረሰ ንጉሥ ምዕራፍ ሠላሳ ላይ ሲገደል ማን ይደነግጣል?

አንኮበሬ፦ እሱ የተርጓሚው ጥፋት ነው። ደራሲው ምን አደረገ?

ጽጌ ዘመንዝ፦ ደራሲውን ከፈለግህ ደግሞ ይኸው፦ «ወንድሜ ሆይ፣ እንደምታውቀው አባታችን ንጉሡ ከሰባት ዓመት በፊት በሰሜኑ ጦርነት ሞቷል።» ወንድምየው ያውቃል እኮ! ድንኳኑ ውስጥ አብሮት ለቅሶ ተቀምጧል። የሚነገረው ለአንባቢው ነው፣ ወንድሙ ሳንቃ ሆኖ ቆሞለታል። ታናሹ የአባቱን ሰይፍ ታጥቆ ሲገባ ታላቁ ፊቱን ቢያዞር፣ ሞቱም ቅናቱም በአንድ መስመር በገቡ ነበር።

አንኮበሬ፦ መጥፎ መስመር መሆኑን መች ካድኩ። አንቺ ግን እየዘለልሽ ነው። ቁልፉ በርሜሉ ውስጥ መኖሩ ሐቅ ነው፤ ብረት ብረት የሚል መጠጥ መጥፎ ነው የሚለው ግን ከየት መጣ? ጭስ ጭስ የሚል ጠላ የሚወድ ስንት አለ! ጋኑን በወይራ የምናጥነው ለምን ሆነና?

ጓሳ ሣር፦ ጋን ማጠንና ጋን ውስጥ ቁልፍ መጣል አንድ ሆነ። ጉድ ነው።

የባሶ ልጅ፦ ጭሱ ታስቦበት የገባ ነው፣ ቁልፉ ወድቆ የገባ ነው። ልዩነቱ ይኸው።

አንኮበሬ፦ ታዲያ የደራሲው ሐሳብ ዳኛ ሊሆን ነው? ታስቦበት የተጻፈ ቆሻሻ ስንት አለ መሰለህ!

የቅኔ ቤት ጎረቤት፦ ልጆች፣ ጉባኤ ቃና፣ ያ አጭሩ የግእዝ ቅኔ፣ ሁለት ቤት ነው። ተማሪው ቆጥሮ ለመምህሩ ሲነግር ቤቱ ካልመታ ይመለሳል፤ እዚያ ላይ ሙግት የለም። ቤቱ ከመታ በኋላ ግን የቅኔ ቤቶቹ፣ የዋሸራው፣ የዋድላው፣ የጎንጁ መንገድ ይለያያል፤ አንዱ የሚያደንቀውን ሌላው እንዲሁ ሊያልፈው ይችላል። እናንተ ሁለቱን ነው የምታደባልቁት።

አንኮበሬ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ለቅኔ ይሠራል። ሕጉ ከተማሪው በፊት የነበረ ነው። የፋንታሲን ቤት ቁጥር ማን ደነገገው?

የባሶ ልጅ፦ ራሱ ደራሲው ነዋ! ምዕራፍ 3 ላይ «አንድ ድግምት የአንድ ዓመት ዕድሜ ይበላል» ብሎ ይጽፋል። ምዕራፍ 40 ሲደርስ ጀግናው 30 ጊዜ ደግሟል፣ አንዲት ሽበት የለችበትም። ሕጉን ያወጣም የሻረም እሱው። ከዚያ ወዲያ ጀግናው የትኛውም ጉድጓድ ቢገባ አንባቢው አይጨነቅም፤ ዋጋው እንደማይከፈል ለምዷላ። የፋንታሲ ደራሲው ብራንደን ሳንደርሰን በ2007 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይህንኑ ነው፦ ደራሲው በአስማት ችግር መፍታት የሚያምርበት አንባቢው የአስማቱን አሠራር በተረዳው ልክ ነው።

አንኮበሬ፦ የሳንደርሰን ምርጫ። አስማት ምሥጢር ሆኖ እንዲቀር የሚወድስ?

የባሶ ልጅ፦ ይቅር። ብቻ በምሥጢሩ ጀግናውን ከገደል አያውጣበት። ካርታውም እንዲሁ ነው። መጀመሪያው ገጽ ላይ ካርታ ካወጣህ ርቀቱን ፈርመሃል። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመሐል ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ቆሟል። የፋንታሲ ጀግና ይህን በፈረስ ሽምጥ ጋልቦ ለምሳ ይደርሳል፣ ከሰዓት በዚያው ፈረስ ጦርነት ይገባል። ፈረስ እኮ ይደክመዋል! እርምጃና ሶምሶማ መለዋወጥ አለበት፣ ውኃ አለ፣ ድርቆሽ አለ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ የጅራቱ ማሰሪያ ከላላ ኮርቻው ወደ አንገቱ ይሄድና ትከሻውን ይልጠዋል።

መዘዞ፦ ያን ቁልቁለት በፈረስ የሚወርድ ደራሲ ብቻ ነው። በቅሎ እንጂ!

ጓሳ ሣር፦ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ጀግና ማን ያነባል?

መዘዞ፦ መኳንንቱ መንገዱን በሰጋር በቅሎ አልነበር እንዴ የሚሄዱት? ፈረሱ እየተሳበ ይከተላል፣ ውጊያው ሲደርስ ነው የሚወጡበት። ዘንዶ ፈጥሮ በቅሎ የረሳ ደራሲ አይገርምም?

አንኮበሬ፦ አያችሁ! በበቅሎው የሚደሰተው በቅሎ የሚያውቅ ነው። ለማያውቀው አንባቢ ምንም አልጎደለም። ታዲያ ዋጋው ያለው መጽሐፉ ውስጥ ነው አንባቢው ውስጥ?

ጽጌ ዘመንዝ፦ በርሜሉ እስኪገለበጥ የሣቁትም ምንም አልጎደለባቸውም ነበር።

አንኮበሬ፦ ደግሞ ወደ ቁልፉ!

መዘዞ፦ የባሶ ልጅ፣ የጅራቱን ማሰሪያ ተናግረህ የደረቱን ዘለልከው። ዳገቱን ሲወጡ ኮርቻው ወደ ኋላ ነው የሚሸሸው።

የባሶ ልጅ፦ ቁልቁለት ነው ያልኩት።

መዘዞ፦ ከደብረ ሲና ሲመለስስ? እዚያው ሊቀር ነው?

አንኮበሬ፦ ስለ ጋኑ እስካሁን የመለሰልኝ የለም።