«ጌታ አዘነላት» ሲል ግሪኩ ምን ይላል?

ወለላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሉቃስ 7 ላይ የናይኗ መበለት አንድያ ልጇን ልትቀብር ስትወጣ «ጌታም ባያት ጊዜ አዘነላት» ይላል። አብሯት የወጣው ሕዝብም እኮ አዝኖላታል። የጌታ በምን ይለያል? በግሪኩ ጠንከር ያለ ግስ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የምታውቁ አስረዱኝ።

ፊደል ቆጣሪ፦
አለ እህቴ። ግሱ «ስፕላንክኒዞማይ» ነው፣ «ስፕላንክና» ከሚለው ስም የወጣ። ስሙ ሆድ ዕቃ፣ አንጀት ማለት ነው። ሐዋርያት ሥራ 1፥18 ላይ የይሁዳ አንጀት ተዘረገፈ ሲል ያው ስም ነው። እኛ «አንጀቱ ተላወሰ»፣ «አንጀቱን በላችው» እንደምንለው። ግሱ በአዲስ ኪዳን 12 ጊዜ አለ፦ በማቴዎስ 5 ጊዜ፣ በማርቆስ 4 ጊዜ፣ በሉቃስ 3 ጊዜ። ጳውሎስ እንኳ ስሙን እንጂ ግሱን አልጻፈም።

ዘሐመር፦
ልክ ነው፣ ግን ከሥሩ ብቻ ትርጉም ባናወጣ። በግሪኩ 2ኛ መቃብያን 6፥8 (ከእኛው መቃብያን ጋር እንዳይምታታባችሁ) ከዚሁ ሥር የወጣ ግስ የመሥዋዕት ሆድ ዕቃ መብላትን ነው የሚያመለክተው። ስለዚህ አጠቃቀሙን እንይ። ሉቃስ ሦስቱም ቦታ ላይ መጀመሪያ «አየ» ይላል፣ ከዚያ ይህን ግስ ያመጣል፣ ወዲያው ደግሞ እጅ ወይም እግር ይንቀሳቀሳል። ጌታ መበለቲቱን አየ፣ አንጀቱ ተላወሰ፣ ቀርቦ ቃሬዛውን ነካ። የጠፋው ልጅ አባት ከሩቅ አየው፣ ሮጠ፣ አንገቱን አቅፎ ሳመው። ሳምራዊውንማ ተዉት፤ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረ፣ በራሱ አህያ ጭኖ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደው፣ በማግስቱም ለጠባቂው ሁለት ዲናር ሰጠ። ካህኑና ሌዋዊውም እኮ አይተውታል! ግሱ ግን ለእነሱ አልተሰጠም። ወለላ፣ ልዩነቱ እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ወለላ፦
ቃለ ሕይወት ያሰማልን! ማርቆስ 1፥41 ላይ ግን ለምጻሙን ሲፈውስ «ተቆጥቶ» የሚል ቅጂ አለ ይባላል። እውነት ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
አዎ፣ ኮዴክስ ቤዛ የሚባለው ጥንታዊ ቅጂ እንደዚያ ይላል፤ አብዛኞቹ ቅጂዎች ግን ይህንኑ ግስ ነው የያዙት፣ ሊቃውንቱም ይከራከሩበታል። በሁለቱም ንባብ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። እኔን የሚይዘኝ ማርቆስ 9፥22 ነው። ልጁ በርኩስ መንፈስ የሚሠቃይበት አባት «እዘንልን፣ እርዳንም» ብሎ በዚሁ ግስ ይለምናል። ከ12ቱ ውስጥ ሰው ለራሱ የለመነበት ይህ ብቻ ነው። ያውም «ቢቻልህ» ብሎ፣ እየተጠራጠረ። ጌታ ግን ልጁን እጁን ይዞ አስነሣው።