32 ጥርስ እያለኝ «36» የተባለው የትኛው ነው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የግራ መንጋጋዬ ሌሊት ሌሊት እየጠዘጠዘ እንቅልፍ ስለነሳኝ ወደ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ራጅ ካስነሣኝ በኋላ በካርዴ ላይ በእንግሊዝኛ «36፣ ኢሪቨርሲብል ፐልፓይተስ፣ አር ሲ ቲ» ብሎ ጽፎ ለሳምንት ቀጠረኝ፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለነበር ለመጠየቅ አፈርኩ። የአዋቂ ሰው ጥርስ 32 ስለሆነ፣ ቁጥሩ ተሳስቶ ደህናው ጥርሴ እንዳይነካብኝ ሰግቻለሁ።

የጥርስ ሐኪም፦
ቁጥሩ አልተሳሳተም። «ሠላሳ ስድስት» ተብሎ ሳይሆን «ሦስት፣ ስድስት» ተብሎ ተነጣጥሎ የሚነበብ አድራሻ ነው። አፍ በአራት ይከፈልና የላይኛው ቀኝ 1፣ የላይኛው ግራ 2፣ የታችኛው ግራ 3፣ የታችኛው ቀኝ 4 ይባላል፤ ቀኝና ግራ የሚባለውም በእርስዎ በታካሚው በኩል ነው። ሁለተኛው አሃዝ ከመሐል የፊት ጥርስ ተነሥቶ ወደ ኋላ እስከ 8 ይቆጠራል፤ ክራንቻ 3ኛ፣ የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ 6ኛ ነው። ይህ መንጋጋ ገና በ6 ዓመት ግድም ስለሚበቅል ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ መስሏቸው ችላ ይሉታል፤ ቀድሞ ከሚቦረቦሩት ጥርሶች አንዱ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ፐልፕ የሚባለው በጥርሱ መሐል ያለው፣ ነርቭና የደም ሥር የያዘው ለስላሳ ክፍል ሲሆን ፐልፓይተስ የእርሱ መቆጣት ነው። ቀዝቃዛ ሲጠጡ ጠቅ አድርጎ ወዲያው የሚለቅ ሕመም ብዙውን ጊዜ ጥርሱ ተሞልቶ ይድናል፤ እንደ እርስዎ ሳይነኩት ሌሊት የሚነሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የማይመለስ ደረጃ ላይ የደረሰ ነው፣ «ኢሪቨርሲብል» የተባለውም ለዚህ ነው። አር ሲ ቲ ማለት ሩት ካናል ነው፤ ጥርሱ ሳይነቀል የተቆጣው ክፍል ይወጣና በሥሮቹ ውስጥ ያለው ቦይ ተጠርጎ ይሞላል።

ከሜሪላንድ፦
እዚህ አሜሪካ ደግሞ ከላይኛው ቀኝ የመጨረሻ መንጋጋ ተነሥተው እስከ 32 በተከታታይ ስለሚቆጥሩ፣ የእርስዎ 36 እዚህ 19 ነው። አዲስ አበባ ሄጄ «19 ቁጥሬ ተሠርቶልኛል» ስል ሐኪሟ ግራ ገባት፤ በእነርሱ አቆጣጠር በአንድ ወገን 9ኛ ጥርስ የለምና። ቁጥሩን ትቼ በጣቴ አሳየኋት።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አሁን ቀለል አለኝ። ከታች «ስኬሊንግ» የሚልም አለ፤ ማስነጣት ነው?

የጥርስ ሐኪም፦
አይደለም፤ በተለምዶ «ጥርስ ማሳጠብ» የምንለው ነው። በድድ ዙሪያ እንደ ድንጋይ የጠነከረውን ታርታር ያነሣል እንጂ የጥርሱን ቀለም አይለውጥም። ካሳጠቡ በኋላ በጥርሶችዎ መካከል ክፍተት ቢታይዎት አይደንግጡ፤ ቀድሞም ክፍተቱን ሸፍኖት የነበረው ታርታሩ ነው።